«ተጠቂው»፤ ስለ አንድ የእንግሊዝ ፊልምና ስለ ተከተለው ሕግ የቀረበ ሂስ

በ1961 (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) በለንደን ከተማ «ቪክቲም» የሚባል ፊልም ታየ። ስሙን በአማርኛ «ተጠቂው» ብንለው ከአሳቡ ብዙ አንርቅም። ያዘጋጀው ቤዚል ዲርደን፣ የጻፉት ጃኔት ግሪንና ባሏ ጆን ማኮርሚክ ሲሆኑ፣ ዋናውን ሰው ሆኖ የተጫወተው ዲርክ ቦጋርድ ነው። ፊልሙ የሚናገረው በዚያን ጊዜ በእንግሊዝ አገር በሕግ ወንጀል ስለ ነበረው የወንድ ለወንድ ፍቅር ነው። ስለዚህ ፊልም በተጻፈ ቁጥር የሚደጋገም አንድ ምስጋና አለ፤ ይኸውም ከስድስት ዓመት በኋላ ለወጣው የማሻሻያ ሕግ የሕዝቡን ልብ አዘጋጀ የሚል ነው። ምስጋናው የሚገባው ይመስለኛል። ነገር ግን ፊልሙ በር ከፈተ ከተባለ፣ በሩ ምን ያህል እንደ ተከፈተና የገባው ሰው ምን ያህል ጎንበስ ብሎ እንደ ገባ መጠየቅ የሐያሲ ሥራ ነው። በእኔ አስተያየት ፊልሙ ለባለጉዳዮቹ የለመነላቸው ርኅራኄን ነው እንጂ መቀበልን አይደለም። ሕጉም ሲወጣ የተለመነውን ያህል ሰጠ፤ ከዚያም አላለፈም።

ወደ ነገሩ ከመግባቴ በፊት ስለ ቃል ጥቂት መናገር ያስፈልገኛል። ይህ ፊልም በእንግሊዝኛ ከተሠሩት ፊልሞች መካከል «ሆሞሴክሹዋል» የሚለውን ቃል በግልጽ ያሰማ የመጀመሪያው ነው ይባላል። ቃሉ ከሐኪሞች መጽሐፍ የወጣ ደረቅ ቃል ነው፤ አይሳደብም፣ አያቆላምጥምም። እኛ ግን በተለምዶ የምንለው «ግብረ ሰዶም» ከነፍርዱ የተሠራ ስም ነው፤ ከተማዪቱም እሳቱም በውስጡ አሉ። በ2004 የወጣው የወንጀል ሕጋችንም በአንቀጽ 629 ድርጊቱን የሚከለክለው በዚሁ ስም ጠርቶ ነው። ስለዚህ ይህን ፊልም በአማርኛ የሚመረምር ሰው ክርክሩ ሳይጀመር ፍርዱ እንዳይነበብ ቃሉን መምረጥ ይኖርበታል። እኔ «የተመሳሳይ ፆታ ፍቅር» እላለሁ፤ ረዘም ይላል፣ ነገር ግን ተከሳሹን ቃሉን ሳይሰጥ አያስረውም። አንባቢው የራሱን እምነት እንደ ያዘ ሊከተለኝ ይችላል።

ፊልሙ የተነሣበትን ሕግ ሳያውቁ ታሪኩን መረዳት አይቻልም። በ1885 በወጣው የወንጀል ሕግ ማሻሻያ ውስጥ ሄንሪ ላቡሼር የተባለ የፓርላማ አባል ባስገባው አንቀጽ መሠረት፣ ሁለት ወንዶች በተዘጋ ጓዳ ውስጥ እንኳ የሚፈጽሙት «ነውር» እስከ ሁለት ዓመት እስራት ከከባድ ሥራ ጋር ያስፈርድ ነበር። ደራሲው ኦስካር ዋይልድ በ1895 የተፈረደበት በዚህ አንቀጽ ነው። ነገሩን ያስተዋሉ ሰዎች አንቀጹን «የአስፈራሪዎች ፈቃድ» ብለው ሰየሙት፤ ምክንያቱም የሰውን ምስጢር ያወቀ ሁሉ ገንዘብ አምጣ ማለት ሲችል፣ ተጠቂው ፖሊስ ዘንድ ሄዶ ልክሰስ ቢል ራሱን ማሳሰሩ ነው። በ1954 ሎርድ ሞንታጉና ሁለት ሰዎች ተከሰው ከታሰሩ በኋላ ክርክሩ ስለ በረታ፣ በዚያው ዓመት መንግሥት በጆን ዎልፌንደን የሚመራ ኮሚቴ አቋቋመ። ኮሚቴው በሴፕቴምበር 1957 ባቀረበው ራፖር 21 ዓመት የሞላቸው ወንዶች ተስማምተው በግል ቦታ የሚያደርጉት ነገር ወንጀል መሆኑ እንዲቀር አሳሰበ። ከአባላቱ መካከል ስኮትላንዳዊው ጄምስ አዴር በዚህ አልተስማማም። መንግሥት በራፖሩ ውስጥ ስለ ሴተኛ አዳሪዎች የተባለውን በ1959 ሕግ ሲያደርገው ይህኛውን አሳደረው። በጁን 1960 አሳቡ ለታችኛው ምክር ቤት ቢቀርብ በ213 ድምፅ ለ99 ወደቀ። እንግዲህ ፊልሙ የወጣው በተሸነፈ አሳብ ማግሥት ነው፤ ይህንንም ልብ ማለት ይገባል።

ታሪኩ የሚጀምረው እንደ ማንኛውም የወንጀል ምርመራ ታሪክ ነው፤ ብልሃቱም እዚህ ላይ ነው። ጃክ ባሬት የሚባል ወጣት የደመወዝ ጸሐፊ ከሚሠራበት የሕንፃ ሥራ ድርጅት 2300 ፓውንድ አጉድሎ ፖሊስ ያሳድደዋል። ከወዳጅ ወደ ወዳጅ እየሮጠ መሸሸጊያ ቢለምን በሩ ሁሉ ይዘጋበታል። ሜልቪል ፋር ወደ ተባለ ስመ ጥር ጠበቃም ስልክ ይደውላል፤ ፋር ግን ልጁ ሊያስፈራራኝ ነው ብሎ አልሰማህም ይለዋል። እውነቱ ግን ሌላ ነው። ልጁ ገንዘቡን የሰረቀው የፋር ስም እንዳይነሣ ለአስፈራሪዎች ሊከፍል ነው፤ አስፈራሪዎቹ ሁለቱን በመኪና ውስጥ ተቀምጠው፣ ልጁ ሲያለቅስ፣ ፎቶግራፍ አንሥተዋቸዋል። ባሬት ተይዞ በፖሊስ ጣቢያ ታስሮ ሳለ የፋርን ስም ሳያወጣ ራሱን ይሰቅላል።

ይህ ሁሉ ፊልሙ ሳይጋመስ ያልቃል። ተመልካቹ ሌባ ሲያሳድድ ቆይቶ ሬሳ ላይ ይደርሳል፤ ሬሳው ሲመረመርም ሌብነቱ ከማስፈራራቱ፣ ማስፈራራቱም ከሕጉ የመጣ ሆኖ ይገኛል። ስለ ፍትሕ አንድ ቃል ሳይሰበክ ተመልካቹ ራሱ ክሩን ጎትቶ ጫፉን ያገኘዋል። ዲርደንና ግሪን ከሁለት ዓመት በፊት «ሳፋየር» በሚባለው ፊልማቸው የጥቁሮችንና የነጮችን ነገር በዚሁ መንገድ፣ በነፍስ ግድያ ምርመራ አስመስለው አቅርበውት ነበርና መንገዱን አውቀውታል። ለሲኒማ ሁለት ሰዓት ለማይሰጥ ለአንድ አስቸጋሪ አሳብ የወንጀል ታሪክን ልብስ ማልበስ ቀላል ተንኮል የሚመስለው ሰው ይኖር ይሆናል። እኔ ግን እዚህ ላይ ልብሱ ከገላው ጋር አንድ ነው እላለሁ፤ ጉዳዩ ራሱ የወንጀል ጉዳይ ነበርና።

ምርመራውን የያዘው የፖሊስ ሹም ሃሪስ ጥሩ ሆኖ የተሣለ ሰው ነው። ነገሩን አይወድደውም፣ አይጠላውምም፤ ሕጉ ለሥራው እንቅፋት መሆኑን ብቻ ያውቃል። የበታቹ መኰንን አጥባቂ እምነቱን ጠቅሶ እነዚህን ሰዎች ሲጸየፍ፣ ሃሪስ ያ አጥባቂ እምነት ራሱ በአንድ ዘመን በእንግሊዝ አገር በሕግ የተከለከለ እንደ ነበር ያስታውሰዋል። ከአንድ ትንፋሽ የማይረዝም ንግግር ነው፤ ነገር ግን በ1960 በምክር ቤቱ ከተሰሙት ረጃጅም ንግግሮች ብዙዎቹን የሚያስንቅ ይመስለኛል።

ተጠቂዎቹም ከአንድ ወገን ብቻ አልተመረጡም። ጸሐፊው አለ፣ መኪና ነጋዴው አለ፣ የቲያትር ተጫዋቹ አለ፣ ፎቶግራፍ አንሺው አለ፣ ሎርዱም አለ። ሎርዱና ባልንጀሮቹ ፋርን ጠርተው ነገሩን አታነካካ፣ ዝም ብለን እንክፈል ይሉታል፤ ገንዘብ ያለው ሰው ከሕጉ ጋር እንዴት ተስማምቶ እንደሚኖር በዚህ አንድ ትዕይንት ይታያል። ከሁሉም በላይ የማይረሳኝ ግን ሄንሪ የተባለው ሽማግሌ ፀጉር አስተካካይ ነው። በዚሁ ሕግ ደጋግሞ ታስሮ የወጣ ሰው ነው። ሱቁን ሸጦ ከዚያ አካባቢ ሊለቅ ሲል፣ የአስፈራሪዎቹ ጎረምሳ መጥቶ ሱቁን ሲሰባብርበት ልቡ ቆሞ ይሞታል። ሄንሪ መኰንን አይደለም፣ ማዕርግ አልተሰጠውም፣ ቆንጆም አይደለም። ፊልሙ የእርሱ ቢሆን ኖሮ ምን ሊመስል ይችል እንደ ነበር ደጋግሜ አስቤአለሁ።

አስፈራሪዎቹ ሁለት ናቸው። አንደኛው ያ ጎረምሳ ሲሆን የሚፈልገው ገንዘብ ነው። ሁለተኛዪቱ ግን በመጽሐፍ መሸጫ የምትሠራ ሚስ ቤንሃም የተባለች ሴት ናት፤ እርሷን የሚያነሣሣት ገንዘብ ሳይሆን ጸያፍ ነው። እነዚያ ሰዎች ስለሚያስጠሏት መቀጣት አለባቸው፤ ሕጉ ካላገኛቸው እኔ አገኛቸዋለሁ ብላለች። እዚህ ላይ የሕግ ተማሪዎች ሊያስተውሉት የሚገባ ነገር አለ። በ1959 ዳኛው ሎርድ ዴቭሊን ዎልፌንደንን በመቃወም ባደረገው ንግግር፣ ኅብረተሰብ የሚቆመው በጋራ ምግባር ስለ ሆነ፣ አንድ ነገር በደንበኛው አስተዋይ ሰው ልብ ውስጥ እውነተኛ ቁጣና ጸያፍ የሚያስነሣ ከሆነ ሕግ ሊከለክለው ይችላል ብሎ ነበር። የኦክስፎርዱ ፕሮፌሰር ሃርት መልሱን አስፋፍቶ በመጽሐፍ ያወጣው በ1963 ነው። በመካከሉ፣ በ1961፣ ፊልሙ ሚስ ቤንሃምን አቀረበ። ጸያፏ እውነተኛ ነው፣ ቁጣዋም አልተጭበረበረም፤ ዴቭሊን የጠየቀው ሁሉ አላት። ያም ሆኖ በእጇ ያለው የሽማግሌ ሬሳ፣ የወጣት ሬሳና የፖስታ ገንዘብ ነው። ጸያፍ ለሕግ መሠረት ሊሆን ይችላል ወይ ለሚለው ጥያቄ ከዚህ የተሻለ ምሳሌ በፍልስፍና መጽሐፍ ውስጥ አላገኘሁም። ስለ ፊልሙ ከተጻፉት ብዙዎቹ ይህችን ሴት እንደ ተራ ክፉ ሴት ቆጥረው ማለፋቸው ይገርመኛል።

እስከዚህ ድረስ ያለው ፊልም የበሰለ ነው። ድካሙ የሚጀምረው ከዋናው ሰው ነው። ሜልቪል ፋር ንጹሕ ሆኖ ተሠርቷል፤ እጅግ ንጹሕ። ሚስት አለው፣ ይወዳታልም። የንግሥቲቱ አማካሪ ጠበቃ የሚባለው ከፍተኛ ማዕርግ በደጅ ይጠብቀዋል። በካምብሪጅ ተማሪ ሳለ አንድ ወጣት ወድዶ፣ ያም ወጣት ራሱን ገድሎ፣ ከዚያ ወዲህ ለሚስቱ ለሎራ ቃል ገብቶላታል። ከባሬትም ጋር ቢሆን በመኪና ከማድረስ ያለፈ ነገር የለም። ሎራ አጥብቃ ስትጠይቀው፣ ልጁን መገናኘት ያቆመው ስለ ፈለገው መሆኑን ይነግራታል። ይህ ትዕይንት የፊልሙ ጫፍ ነው። ቦጋርድ በ1954 በወጣው «ዶክተር ኢን ዘ ሃውስ» በሚባል አስቂኝ ፊልም የልጃገረዶች ሁሉ ተወዳጅ ሆኖ የነበረ ተጫዋች ነበርና፣ እንዲህ ያለ ቃል ከእርሱ አፍ መውጣቱ በ1961 ምን ያህል ድፍረት እንደ ነበር መገመት አያዳግትም። ፊቱን እያዩ እውነቱን አለመቀበል ያስቸግራል።

ነገር ግን የተነገረውን አሳብ ከተነገረበት ፊት ለይተን እንመዝን። ፋር የሚታዘንለት ስላላደረገ ነው። ፈልጎ ስለ ተወ፣ ተቃጥሎ ዝም ስላለ ነው። ስለዚህ ተመልካቹ እንዲራራ የተጠየቀው ለተመሳሳይ ፆታ ፍቅር ሳይሆን ከዚያ ፍቅር ለታቀበ ሰው ነው። የቀሩትም ሰዎች ቢሆኑ ራሳቸውን የሚገልጹት ተፈጥሮ እንዳጣመመቻቸው፣ በሽተኛ እንደ ሆኑ አድርገው ነው። ሁለት ወንዶች ተዋደው በሰላም ሲኖሩ፣ ቁርስ ሲበሉ፣ ሲቀላለዱ በግልጽ የሚያሳይ አንድ ትዕይንት እንኳ በፊልሙ ውስጥ የለም። ሁሉም ወይ ይሞታል፣ ወይ ይከፍላል፣ ወይ ይሸሻል። ርእሱም አላታለለንም፤ ሰውዬው ተጠቂ ነው፣ ተጠቂነቱ ሲያበቃ ማን እንደሚሆን ግን ፊልሙ አላሰበበትም።

ለመቀበል የሚቀርብ ነገር በፊልሙ ውስጥ ካለ እርሱ በሎራ በኩል ነው። ሲልቪያ ሲምስ ይህችን ሴት ሳታለቃቅስና ሳትመጻደቅ ተጫውታታለች። ሎራ የምትጠይቀው ሕግ ምን ይላል ብላ አይደለም፤ እኔ በዚህ ቤት ምንድን ነኝ ብላ ነው። ባሏ ፍርድ ቤት ቀርቦ ሊመሰክር፣ ሥራውንና ስሙንም ሊያጣ ሲወስን፣ ውርደቱ እንዳይነካት ለጊዜው እንድትርቅ፣ ከዚያ በኋላ ግን እንደምታስፈልገው ይነግራታል። እርሷ ስትወጣ እርሱ ፎቶግራፉን እሳት ውስጥ ይጥለዋል። የሎራ ጥያቄ ሳይመለስ ቀረ። አዘጋጁ ሆን ብሎ ተወው የሚሉ አሉ፤ እኔ እንደሚመስለኝ ግን ሊመልሰው የሚችልበት መሣሪያ አልነበረውም። ለፋር ርኅራኄ ካገኘለት በኋላ ሌላ የሚጠይቀው ነገር አላዘጋጀም።

ለፊልሙ ጠበቃ የሚቆም ሰው እንዲህ ይለኛል፤ በ213 ለ99 በተሸነፈ ጉዳይ ላይ ከዚህ የበለጠ ማን ይደፍር ነበር? ሳንሱሩ ጆን ትሬቬሊያን ፊልሙን ያሳለፈው ለአዋቂዎች ብቻ በሚለው ምልክት ነው፤ በአሜሪካም የፊልም ኢንዱስትሪው ማኅበር የፈቃድ ማኅተሙን ከልክሎታል። ደስተኛ ሰዎችን ቢያሳዩ ኖሮ ፊልሙ አይታይም ነበር። ይህ ክርክር ከባድ ነው፤ በከፊልም እቀበለዋለሁ። ኢ. ኤም. ፎርስተር «ሞሪስ» የሚባለውን ልብ ወለድ በ1914 ጽፎ ሲጨርስ ሁለቱ ወንዶች በደስታ አብረው እንዲኖሩ አድርጎ ፈጸመው፤ መጨረሻውን ማሳዘን አልፈቀደም። ከዚህም የተነሣ መጽሐፉ ደራሲው በ1970 እስኪሞት ድረስ ሳይታተም ቀርቶ የወጣው በ1971 ነው። ስለዚህ ደስታን የጻፈው ሰው መጽሐፉን 57 ዓመት አስቀመጠ፤ መከራን የቀረጹት ሰዎች ፊልማቸውን በዓመቱ አሳዩ። ይህን ሳልቆጥር ዲርደንን ብነቅፍ ግፍ ይሆንብኛል።

ሆኖም በምን ዋጋ እንደ ተገኘ ማየት የሚቻለው ሕጉ ሲወጣ ነው። ሊዮ አብስ በታችኛው ምክር ቤት፣ ሎርድ አራን በሎርዶች ምክር ቤት የደከሙለት ሕግ በጁላይ 1967 ጸደቀ። ዕድሜው 21፤ ቦታው የግል፤ ሦስተኛ ሰው በቤቱ ካለ ግን ቦታው የግል አይባልም። ወታደሮችንና የንግድ መርከብ ሠራተኞችን አይመለከትም። ስኮትላንድንም ሰሜን አየርላንድንም አይጨምርም፤ ወደ ስኮትላንድ የደረሰው በ1980፣ ወደ ሰሜን አየርላንድም የአውሮፓ የሰብአዊ መብት ፍርድ ቤት በ1981 ከፈረደ በኋላ በ1982 ነው። ሎርድ አራን ሕጉ ሲያልፍ ባደረገው ንግግር ነጻ የወጡት ሰዎች ምስጋናቸውን በጸጥታና በክብር በመኖር እንዲያሳዩ፣ እንዳይታዩና እንዳይደምቁ አሳሰባቸው። ይህን ንግግር ያነበበ ሰው ፋርን ማስታወስ አለበት፤ በጸጥታ የሚቃጠል፣ በክብር የሚታቀብ፣ በተዘጋ ክፍል ውስጥ ፎቶግራፉን የሚያቃጥል ሰው። ሕግ አውጪዎቹ ነጻ ያወጡት ያንን ሰው ነው። ከፋር በታች ያሉት፣ ጓዳ የሌላቸው፣ በአደባባይ የሚያዙት፣ ለእነርሱ ብዙ አልተለወጠም፤ ከ1967 በኋላ በነበሩት ጥቂት ዓመታት በዚህ ነገር የሚከሰሱት ሰዎች ቁጥር እንዲያውም ጨመረ።

የሕዝቡም ልብ ከሕጉ ጋር እኩል አልተራመደም። በብሪታንያ በየጊዜው በሚደረገው የኅብረተሰብ አስተያየት ጥናት፣ ሕጉ ከወጣ ከ16 ዓመት በኋላ በ1983፣ የተመሳሳይ ፆታ ግንኙነት ሁልጊዜ ስሕተት ነው ያሉት ከመቶ 50 ነበሩ። በ1987 ቁጥሩ ቀነሰ ሲባል ከመቶ 64 ደረሰ። የኤድስ ፍርሃት እንዳባባሰው ግልጽ ነው። ነገር ግን ርኅራኄ ብቻውን የዘራው ነገር ፍርሃት ሲመጣ ሥር እንደሌለው ከዚህ ይታያል፤ የሚታዘንለት በሽተኛ አንድ ቀን የሚያስፈራ በሽተኛ ይሆናል።

በእነዚሁ ዓመታት መካከል፣ በ1985፣ ሃኒፍ ኩሬሺ ጽፎት ስቲቨን ፍሪርስ ያዘጋጀው «ማይ ቢዩቲፉል ሎንድሬት» ወጣ። ኦማር የተባለ የፓኪስታን ተወላጅና ጆኒ የተባለ እንግሊዛዊ በደቡብ ለንደን አንድ የልብስ ማጠቢያ ቤት ያቋቁማሉ። ሁለቱ ይዋደዳሉ፤ ስለ መዋደዳቸው ግን በፊልሙ ውስጥ አንድም ንግግር አይደረግም፣ አንድም ሰው ይቅርታ አይጠይቅም። ችግራቸው ገንዘብ፣ ዘመድ፣ የቆዳ ቀለምና የድሮ ባልንጀሮች ጥላቻ ነው። መጨረሻው ላይ ጆኒ ከተደበደበ በኋላ ሁለቱ በገንዳ አጠገብ ቆመው ውሃ እየተረጫጩ ይሳሳቃሉ። ይህ ከፋር የእሳት ማንደጃ ምን ያህል እንደሚርቅ ለማየት ፊልሞቹን በአንድ ሳምንት ውስጥ ማየት ይበቃል። እኔ የሚመርጡት አንዱን ብቻ ነው ብባል የሚስ ቤንሃምን ትዕይንቶች ከመጀመሪያው፣ የቀረውን ሁሉ ከሁለተኛው እወስድ ነበር።

ያም ፊልም ቢሆን ምክር ቤቱን አላሳመነም። በ1988 የወጣው የአካባቢ አስተዳደር ሕግ በአንቀጽ 28 የከተማና የወረዳ ምክር ቤቶች የተመሳሳይ ፆታን ፍቅር እንዳያስፋፉ፣ በሚያስተዳድሯቸው ትምህርት ቤቶችም እንደ ተገቢ ቤተሰብ ተቆጥሮ እንዳይነገር ከለከለ። ሁለት ወንዶች ወይም ሁለት ሴቶች በእንግሊዝና በዌልስ በሕግ መጋባት የጀመሩት በማርች 2014 ነው። አንቀጽ 28 ግን በስኮትላንድ የተሻረው በ2000፣ በእንግሊዝና በዌልስ ደግሞ በ2003 ነበር፤ ስለዚህ በ1988 ትምህርት ቤት የገባ የእንግሊዝ ልጅ ትምህርቱን ሲጨርስ አንቀጹ ገና በሥራ ላይ ነበር።